በሐይቅ የማረባቸውን ተርኪዎች ከከባድ ዝርያ አውራ ጋር ባዳቅል ያዋጣኛልን?

ጠያቂ፦ የሐይቁ አርቢ (ተሁለደሬ፣ ደቡብ ወሎ)

ሰላምታዬን አስቀድሜ ጥያቄዬን አቀርባለሁ። በሐይቅ ከተማ ዳርቻ ተርኪ (ከዶሮ የሚበልጠውን ትልቅ የሥጋ ወፍ) ማርባት ከጀመርሁ 4 ዓመት ሞልቶኛል። የጀመርሁት ከአዲስ አበባ ገዝቼ ባመጣኋቸው አንድ አውራና ሁለት ሴቶች ነበር፤ ላባቸው ጥቁር ሆኖ ፀሐይ ሲያርፍበት የመዳብ መልክ ያወጣል። ዛሬ በግቢዬ ያሉት 3 አውራዎችና 9 ሴቶች በሙሉ የእነዚያ የሦስቱ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ከውጭ የገባ አንድም የለም።

የምሸጠው በበዓላት ሰሞን ለደሴና ለኮምቦልቻ ምግብ ቤቶች ነው። ገዢዎቼ በጣዕሙ ላይ ቅሬታ የላቸውም፤ የሚያማርሩት በክብደቱ ነው። አውራዎቹ በ7 ወራቸው በቁማቸው ሲመዘኑ ከ7 ኪሎ እምብዛም አያልፉም፤ ሴቶቹም 4 ኪሎ ተኩል ከሞሉልኝ እንደ መልካም እቆጥረዋለሁ። ደረታቸውን ስዳስስ መካከለኛው አጥንት ሾል ብሎ በጣቴ ይሰማኛል፤ ሥጋው ግራና ቀኙን አልሞላውም።

በቅርቡ አንድ አርቢ 18 ኪሎ የሚመዝን፣ ነጭ ላባ ያለውና ደረቱ ሰፊ የሆነ አውራ ሊሸጥልኝ እንደሚችል ነግሮኛል። የጠየቀኝ ዋጋ የአንድ ዓመት ትርፌን የሚወስድ ስለሆነ፣ ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ልምድና ዕውቀት ያላችሁ እንድትመክሩኝ እለምናለሁ። ድቅሎቹ ምን ያህል ሊከብዱ ይችላሉ? አውራውስ ከእኔ ትንንሽ ሴቶች ጋር ያለ ችግር ይገናኛልን? ከድቅሎቹ መካከል የተሻሉትን እየመረጥሁ መልሼ ባራባቸው መልካም ነውን?

አንድ ነገር ልጨምር። ቀድሞ አንዲት እናት ከታቀፈቻቸው 12 እንቁላሎች 10 ያህሉ ይፈለፈሉ ነበር፤ ዘንድሮ ግን 6 ወይም 7 ብቻ ሆነዋል። ይህ ከጥያቄዬ ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም። ተርኪዎቹ ቀን ቀን ከ30 የሐበሻ ዶሮዎቼ ጋር በአንድ ግቢ ይውላሉ፤ ማታ ግን የሚያድሩት ለየብቻ ነው።


መልስ፦ የእርባታ ባለሙያ (ኮምቦልቻ)

ከክብደቱ ልነሣ። የእድገት ፍጥነትና የሥጋ መጠን ከወላጅ ወደ ልጅ በርከት ባለ መጠን ከሚተላለፉ ጠባዮች መካከል ስለሆኑ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ድቅል አብዛኛውን ጊዜ ከአባቱና ከእናቱ ወገን አማካይ አጠገብ ይውላል። በወረቀት ላይ 18 እና 7 ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል 12 ኪሎ ተኩል ይመጣል፤ ይህን ቁጥር ይዘው ግን ከገዢዎችዎ ጋር ውል አይግቡ። የነጩ ደረተ ሰፊ ዝርያ አውራ በ20 ሳምንት 18 ኪሎና ከዚያ በላይ የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ26 እስከ 28 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ እየቀረበለትና ሙቀቱ እየተጠበቀለት በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲያድግ ነው። ድቅሉ በእርስዎ ግቢ ፉርሽካና የእህል ጥራጊ እየለቀመ ካደገ ግማሽ መንገድም ላይሄድ ይችላል።

ስለ መገናኘቱ የጠየቁት ግን ከክብደቱ ይልቅ ያሳስበኛል። ይህ ነጭ ዝርያ የተገኘው በሰሜን አሜሪካ ለደረት ሥጋ ብቻ ተብሎ ለብዙ ትውልድ በተደረገ ምርጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደረተ ሰፊው የመዳብ መልክ ዝርያ ተስፋፋ፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ነጩ ቦታውን እየወሰደ መጣ፤ ምክንያቱም ጥቁር ላባ ሲነቀል በቆዳው ላይ ጠቆር ያለ ነጥብ ይተዋል፣ ነጩ ግን አይተውም። ደረቱ እየሰፋ፣ ክብደቱም እየጨመረ ሲሄድ አውራው ሴቲቱን በተፈጥሮ መንገድ ማስረገዝ ተሳነው። ስለዚህ ዛሬ በዓለም ላይ በፋብሪካ ደረጃ የሚረባው ተርኪ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚራባው በሰው እጅ በሚደረግ ማዳቀል ነው። የእርስዎ ሴቶች 4 ኪሎ ተኩል ናቸው፤ 18 ኪሎ የሚመዝን አውራ በጀርባቸው ላይ ሲወጣ ጥፍሩ ጎናቸውን ይቀድዳል፣ ክንፋቸው ሊሰበር ይችላል። እኔ በዓይኔ ያየኋት አንዲት ሴት ከክንፏ ሥር እስከ ጭኗ ድረስ ቆዳዋ ተገልብጦ ነበር፤ ለሁለት ቀን ቆማ ቆይታ ሞተች።

በእጅ ማዳቀሉ የማይቻል ሆኖ አይደለም፤ እጅ የለመደ ሰው ግን ይጠይቃል። አንዱ ሰው አውራውን ይይዛል፤ ሌላው ጀርባውንና የጭራውን ሥር እያሻሸ ዘሩን ይቀበላል። በአንድ ጊዜ የሚገኘው ፈሳሽ ከግማሽ ሚሊ ሊትር ብዙውን ጊዜ ያነሰ ስለሆነ አንዲት ጠብታ መባከን የለባትም፤ ማቅጠኛ ከሌለ ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ለሴቶቹ መሰጠት አለበት። ሥራው የሚሠራው ከሰዓት በኋላ፣ ሴቶቹ የዕለቱን እንቁላል ከጣሉ በኋላ ነው፤ ቅርፊቱ የጠነከረ እንቁላል በማኅፀን ውስጥ ካለ መንገዱን ይዘጋዋል። ይህን ሁሉ በሐይቅ ለብቻዎ እንዲወጡት አልመክርም።

ድቅሎቹን መልሶ ስለ ማራባት ያነሡት ጥያቄ ብዙ አርቢዎች ገንዘባቸውን የሚያጡበት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ድቅል የሚያሳየው ብርታት፣ በተለይም በመፈልፈልና በጫጩትነት ጊዜ በሕይወት በመቆየት በኩል የሚታየው፣ የሁለት የተራራቁ ዘሮች መገናኘት ያመጣው ነው። ድቅልን ከድቅል ጋር ሲያገናኙ ያ ብርታት በሚቀጥለው ትውልድ በግማሽ ይቀንሳል፤ ጫጩቶቹም አንዱ አባቱን፣ አንዱ አያቱን እየመሰለ ገበያ በአንድ ቀን የማያወጡት የተለያየ መንጋ ይሆናል። ትልልቆቹ የተርኪ ዘር ኩባንያዎች ራሳቸው ይህን አያደርጉም። የአባት መስመርና የእናት መስመር ለየብቻ ይይዛሉ፤ በአባት መስመሩ ክብደትን፣ በእናት መስመሩ እንቁላልንና መፈልፈልን ይመርጣሉ፤ ምክንያቱም ክብደት በጨመረ ቁጥር የእንቁላል ቁጥር ይቀንሳል። የመጨረሻውን ድቅል ግን ለሥጋ ብቻ ያወጡታል።

ስለዚህ ቢጠይቁኝ የምመርጠው ነጩን ሳይሆን 10 ወይም 12 ኪሎ የሚመዝን፣ በራሱ የሚያስረግዝ፣ እግሩ ቀጥ ያለ የመዳብ መልክ አውራ ነው። እንዲህ ያለው አንድ አውራ ከ8 እስከ 10 ሴት ይበቃዋል። ከእርሱ የሚወለዱትን ድቅሎች፣ ወንድም ሴትም ሳይሉ፣ ሁሉንም ለሥጋ ይሽጡ፤ የቀድሞዎቹን ሴቶች ዘር ግን በተለየ ቦታ ጠብቀው ያቆዩ። እናቶቹ ከጠፉ በሚቀጥለው ዓመት የሚያዳቅሉት ነገር አይኖርዎትም።


መልስ፦ ጡረተኛ መምህር (ደሴ)

ከላይ የተሰጠውን ምክር እጋራለሁ፤ ሆኖም ጠያቂው መጨረሻ ላይ እንደ ተጨማሪ ያነሡት ነገር ለእኔ የጉዳዩ ሥር ነው የሚመስለኝ። ከ12 እንቁላል 10 ይፈለፈል የነበረው ወደ 6 የወረደው፣ መንጋው ሁሉ ከአንድ አውራና ከሁለት ሴቶች ስለ ወረደ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን አብረን እንየው።

ወንድምና እህት ሲገናኙ ከሚወለደው ጫጩት ጥንድ ዘረ መሎች መካከል 25 በመቶው የአንድ ቅድመ ወላጅ ቅጂዎች እንደሚሆኑ ይገመታል። በአባት ብቻ የሚገናኙት ሲጋቡ ደግሞ 12.5 በመቶ ነው። በጠያቂው ግቢ የመጀመሪያዎቹ ልጆች ግማሾቹ በአባትም በእናትም፣ ግማሾቹ በአባት ብቻ ወንድማማች ናቸው ብንል አማካዩ 18.75 በመቶ ይሆናል። በሌላ መንገድም ብናሰላው ያው ነው፦ የአውራዎቹን ቁጥር በሴቶቹ አባዝተን፣ በ4 አባዝተን፣ ለድምራቸው ስናካፍለው 4 ጊዜ 1 ጊዜ 2 ለ3 ሲካፈል 2.67 ይመጣል፤ አንድን ለዚህ እጥፍ ስናካፍል 18.75 በመቶ ይሆናል። ዛሬ ባሉት 3 አውራዎችና 9 ሴቶች ስናሰላው በየትውልዱ የሚጨመረው ዝምድና ወደ 5.6 በመቶ ይወርዳል፤ የመጀመሪያው ግን በውስጣቸው ቀርቷል፣ ከውጭ ደም ካልገባ አይወጣም።

የሥጋ ዝምድና ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው መፈልፈልን፣ የጫጩትን ብርታትና የእንቁላልን ቁጥር ነው፤ ክብደትንም ይቀንሳል። እንግዲህ ጠያቂው የዘሩ ትንሽነት ነው ብለው የሚያዩት ነገር በከፊል የዝምድና ጉዳት ሊሆን ይችላል። ይህ ከሆነ መድኃኒቱ የአንድ ዓመት ትርፍ አይጠይቅም፤ ከእነዚህ ጋር ዝምድና የሌለው ያው ዓይነት አውራ ከሌላ አርቢ ጋር መለዋወጥ ይበቃል። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከባዱን አውራ ከማሰቤ በፊት ይህን አደርግ ነበር።

ይህን ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። እንቁላሎቹን ከታቀፉ በ10ኛው ቀን ሌሊት በጨለማ ክፍል በስልክ ባትሪ ብርሃን ይመልከቷቸው። ውስጡ ጥርት ብሎ ምንም ካልታየበት እንቁላሉ ዘር አልያዘም፤ ችግሩ ከአውራው ወይም ከመገናኘታቸው ነው። የደም ክብ ወይም የማይንቀሳቀስ ጥቁር ነጥብ ከታየበት ግን ጽንሱ ተጀምሮ ሞቷል፤ ከዝምድና የሚመጣው ጉዳት በአብዛኛው እንዲህ ይገለጣል። ሲያዩ በእርሳስ ቅርፊቱ ላይ የእናቲቱን ቁጥር ይጻፉበት። ተርኪ ከ28 ቀን በፊት ስለማይፈለፈል በ21ኛው ቀን እንደ ዶሮ ጠብቀው እንዳያነሡት።

የመዳብ መልኮቹን ዘር ለማቆየት ሴቶቹን በሦስት ምድብ ከፍለው ለእያንዳንዱ ምድብ አንድ አውራ ይስጡ፤ በየዓመቱ ከአንደኛው ምድብ የተወለደው ምርጥ አውራ ወደ ሁለተኛው፣ የሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛው ወደ አንደኛው ይሂድ። ሴቶቹ ከተወለዱበት ምድብ አይወጡም። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና በእግር ላይ የሚታሰር ቀለም ያለው ቀለበት ብቻ ነው።


መልስ፦ አርቢ እናት (መርሳ፣ ሰሜን ወሎ)

ወንድሜ፣ አብሽር፤ የክብደቱ ነገር በጊዜው ይስተካከላል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ተርኪዎችህ ከ30 የሐበሻ ዶሮ ጋር በአንድ ግቢ መዋላቸው ነው። የደረሰብኝን ልንገርህ።

ከሦስት ዓመት በፊት የተርኪ እንቁላል በሐበሻ ዶሮ አሳቅፌ 14 ጫጩት አወጣሁ። እናታቸው መስላቸው ከዶሮዋ ኋላ ኋላ እየተከተሉ ግቢውን ሲጭሩ ጎረቤት ሁሉ ሊያያቸው ይመጣ ነበር። በሰባተኛው ሳምንት አንዷ ክንፏን ጥላ፣ ዓይኗን ከድና ጥግ ላይ ቆመች። ኩሷን ሳየው ቢጫ ነበር፤ የድኝ ቀለም ያለው፣ እንደ ቀለጠ ቅቤ የፈሰሰ። በወቅቱ ያማከርሁት ባለሙያ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት በሽታ ነው ብሎ መድኃኒት ሰጠኝ፤ በውሃቸው በጥብጬ ሰጠኋቸው፤ በዘጠኝ ቀን ውስጥ 11 ሞቱብኝ። ዶሮዋና የራሷ ጫጩቶች ግን አንዳቸውም እንኳ አላነጠሱም።

አሥራ አንደኛውን በቢላ ከፍቼ አየሁት። ጉበቱ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆኑ፣ መካከላቸው ጎድጎድ ያለ ቢጫማ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል፤ ሁለቱ ዕውር አንጀቶች አብጠው ሲሰነጠቁ ውስጣቸው እንደ ደረቀ አይብ ያለ ነገር ሞልቷል። በኋላ አንድ ሌላ ሐኪም ስነግረው ስሙን አወጣልኝ፦ ሂስቶሞናስ የሚባል ተውሳክ ነው። ዶሮ በአንጀቷ ካለች ደቃቅ ትል ጋር ትሸከመዋለች፤ ራሷን ብዙም አይጎዳትም። የትሏ እንቁላል ከኩስ ጋር መሬት ላይ ወድቆ ለዓመታት ይቆያል፤ የመሬት ትልም ይይዘዋል። ተርኪ ያን ሲለቅም ጉበቱ ይበሰብሳል።

ስለዚህ ከየትም አምጥተህ ውድ አውራ ብታስገባ፣ ድቅሎቹ ዶሮ በጫረችበት መሬት ላይ ካደጉ በሰባተኛው ሳምንት ታጣቸዋለህ። ዶሮዎቹን ከተርኪዎቹ ለይ፤ ዶሮ የኖረበትን መሬት ለተርኪ አትስጥ፤ በጫማህም እንኳ ኩሱን አትውሰድ። ጫጩት የሚያሳድገው የተርኪ እናት ካልሆነች ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ ወለል ላይ ይደጉ። እኔ ዛሬ የምጠቀመው የቀርከሃ ርብራብ ነው፤ ኩሱ በስንጥቁ ይወርዳል። ሁሉንም በእንስሳት ሐኪም ምክር የትል መድኃኒት ማጠጣትም ይረዳል፤ ከታመሙ በኋላ ግን እኔ ያዳነ አላየሁም።


የጠያቂው ተጨማሪ ጥያቄ፦ የሐይቁ አርቢ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። እትዬ፣ የነገሩኝ ነገር ሌሊቱን አላስተኛኝም፤ በማግሥቱ ጠዋት ዶሮዎቹን በአጥር ለይቼ ወደ ላይኛው ግቢ አወጣኋቸው።

መምህር እንዳሉት ከአንዲት እናት ሥር ያሉ 12 እንቁላሎችን በ10ኛው ቀን በባትሪ አየኋቸው። አንዱ ጥርት ያለ ነበር፤ አራቱ ላይ የደም ክብ አየሁ፤ ሰባቱ ሕይወት አላቸው፣ ደም ሥራቸው እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ ይታያል። እንግዲህ አውራዎቼ ዘር እንዳልጎደላቸው ተረዳሁ።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ለድቅሎቹ መኖ ከየት ላግኝ? በእኛ አካባቢ የተርኪ ጫጩት መኖ ተብሎ የተዘጋጀ የለም። ሁለተኛ፣ ባለፈው ዓመት 20 እንቁላል ወደ ደሴ ወስጄ በአንድ ሰው ማሽን አስፈልፍዬ 5 ብቻ ወጡ፤ ማሽኑ ይሆን ወይስ ሌላ ነገር?


መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም (ወልድያ)

ከማሽኑ በፊት ከፍታውን እንመልከት። ሐይቅ ወደ 1900 ሜትር፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በደሴ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ጽንሱ በቅርፊቱ ቀዳዳዎች የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ የእንቁላሉ ውሃም ፈጥኖ ይተንናል። በቆላ የተጣለ እንቁላል ወደ ደጋ ሲወጣ ጉዳቱ ይበረታል። በዚህ ላይ የዝምድናው ድካምና የመንገዱ መንገጫገጭ ሲጨመር 5 መውጣቱ አያስገርምም። ስለዚህ እንቁላሎችዎን ወደ ላይ ከመውሰድ ይልቅ እዚያው ሐይቅ በእናቶቻቸው ያሳቅፉ፤ ማሽን ከፈለጉም ወደ ኮምቦልቻ መውረድ ይሻላል። ከመታቀፋቸው በፊትም ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ሹል ጫፋቸውን ወደ ታች አድርገው ያኑሯቸው፤ ከ7 ቀን በላይ አያቆዩአቸው።

ከፍታው ከአውራው ምርጫም ጋር ይያያዛል። በጣም ፈጥኖ የሚያድግ የሥጋ ወፍ በደጋ ላይ ልቡና ሳንባው ለሰውነቱ የሚበቃ ኦክስጅን ማዳረስ ስለሚያቅተው ልቡ ያብጣል፣ ሆዱ ውስጥ ውሃ ይቋጥራል፤ ይህን በደሴና በኩታበር የሥጋ ዶሮ ባረቡ ሰዎች ዘንድ ደጋግሜ አይቻለሁ። ኮምቦልቻ ያሉት ባለሙያ መካከለኛውን አውራ መምከራቸው በዚህም ምክንያት ትክክል ነው።

መኖውን በተመለከተ እርስዎ የሐይቅ ሰው በመሆንዎ ሌላው የሌለው ነገር አለዎት። ዓሣ አስጋሪዎች ቆሮሶውን ገፍፈው ከሸጡ በኋላ የሚጥሉትን ራስና አጥንት ሰብስበው በደንብ ቀቅለው፣ በፀሐይ አድርቀው ይውቀጡት። ከተፈጨ በቆሎ፣ ተቆልቶ ከተፈጨ አኩሪ አተር፣ ከኑግ ፋጉሎና ከጥቂት ፉርሽካ ጋር ሲቀላቀል ለጫጩቶቹ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ለማሟላት ከዚህ የሚሻል ነገር በአካባቢያችን አላውቅም። አኩሪ አተሩ ጥሬውን እንዳይሰጥ አደራ፤ ጥሬው ውስጥ ያለው ነገር ፕሮቲን እንዳይፈጭ ያግዳል። የኑግ ፋጉሎውም ገለባ ስለሚበዛበት ለትንንሾቹ አይብዛ። ዓሣውን ከመታረዳቸው ጥቂት ሳምንታት አስቀድመው ያቁሙ፤ አለበለዚያ ሥጋው ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ገዢዎችዎም ይሸሻሉ።

አንድ ነገር ግን በብርቱ ላስጠነቅቅ። በቃሉና በቆቦ ቆላ ማሽላ በጉድጓድ ይከማቻል፤ ከጉድጓዱ ዳርና ከታች የሚወጣው የሻገተው እህል ለሰው ስለማይሆን ለዶሮ ይሰጥ ይባላል። ለተርኪ ይህ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ አልቀው ነበር፤ ሲመረመር በመኖአቸው ውስጥ የገባው ከብራዚል የመጣ የለውዝ ፋጉሎ ሻግቶ ነበር። ዛሬ አፍላቶክሲን የምንለው የሻጋታ መርዝ የታወቀው በዚያ ምክንያት ነው። ዶሮ የምትቋቋመውን መጠን ተርኪ አይቋቋምም። ሽታው የተለወጠ፣ እርጥበት የነካው ወይም የተጣበቀ እህል ሲያዩ ርካሽ ነው ብለው አያስገቡት።

ጫጩቶቹ በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት መብላትና መጠጣት ሳያውቁ መኖው ፊታቸው ላይ እያለ በረኃብ የሚሞቱበት ጊዜ አለ፤ ይህም ከዶሮ ጫጩት ይለያቸዋል። የእያንዳንዱን ምንቃር አንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ነከር ያድርጉለት፤ በውሃውና በመኖው ዕቃ ውስጥ ልጆች የሚጫወቱበትን የሚያብለጨልጭ ብይ ጣል ያድርጉበት፤ ያን ለመንካት ሲሉ ይለምዳሉ። በደንብ የተቀቀለ እንቁላል ደቆ ከጎመን ጋር ተከትፎ ቢሰጣቸውም ይወዳሉ። ወለሉ እንደ ካርቶን የሚያንሸራትት ከሆነ እግራቸው ወደ ጎን ይከፈታልና ሻካራ ነገር ያንጥፉ። የመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ይሁን፤ ከዚያ በየሳምንቱ ወደ 3 ዲግሪ እየቀነሱ ላባ እስኪያወጡ ይቀጥሉ።

ከውጭ የሚያስገቡትንም አውራ ለ30 ቀን ለብቻው ያቆዩት። የፈንግል ክትባት ለነባሮቹም ለአዲሱም ይሰጥ፤ ፈንግል ከገባ የዘር ምርጫም የክብደት ሒሳብም ምንም አይቀረውም።


ጠያቂው፦ የሐይቁ አርቢ

ነጩን አውራ ላለመግዛት ወስኛለሁ። በምትኩ አንድ ወዳጄ ከሸዋ ወገን ዝምድና የሌለው 11 ኪሎ የሚመዝን የመዳብ መልክ አውራ በልዋጭ ሊሰጠኝ ተስማምቷል፤ እኔ ሁለት ሴቶች እሰጠዋለሁ። ሴቶቹ ለወራት ከቀድሞ አውራዎቼ ጋር ስለ ነበሩ ግን የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች የአዲሱ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?


መልስ፦ የእርባታ ባለሙያ (ኮምቦልቻ)

በላባ አያውቁትም፤ ሁለቱም አንድ መልክ ናቸውና። ነጩን ቢገዙ ኖሮም አያውቁትም ነበር፤ የተርኪ ነጭ መልክ ከሁለቱም ወላጅ ካልመጣ ስለማይወጣ፣ ከነጭ አባትና ከጥቁር እናት የሚወለዱት ሁሉም ባለ ቀለም ናቸው።

የሚያውቁት በቀን ቆጠራ ነው። ሴት ተርኪ የወንዱን ዘር በማኅፀኗ መግቢያ ባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች አቆይታ በትንሽ በትንሹ ስለምትጠቀምበት፣ ከአንድ ግንኙነት በኋላ እስከ 10 ሳምንት ድረስ ዘር የያዘ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ዶሮ በሁለትና በሦስት ሳምንት የምትጨርሰውን ተርኪ እንዲህ ታስረዝመዋለች። አዲሱን አውራ በለይቶ ማቆያ ውስጥ በሚያቆዩባቸው 30 ቀናት የሚዳቀሉትን ሴቶች ከቀድሞዎቹ አውራዎች ይለዩ፤ ከዚያ ከአዲሱ ጋር ካገናኟቸው በኋላ ሌላ 6 ሳምንት ይጠብቁ። በዚያ መካከል የሚጣለውን እንቁላል ለቤት ይጠቀሙበት ወይም ይሽጡት፤ አያሳቅፉት።

አውራውን በነሐሴ መጀመሪያ ካገናኟቸው እንቁላል የሚሰበስቡት ከመስከረም አጋማሽ ወዲያ ይሆናል፤ ጫጩቶቹም ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ በጥቅምት መጨረሻ ይወጣሉ። ቀኑ አጭር ከሆነ ሴቶቹ መጣል ያቆሙብዎታል፤ በወሎ ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላምና፣ ወደ 14 ሰዓት ብርሃን እንዲያገኙ በማደሪያቸው ማለዳ አንዲት አምፖል ያብሩላቸው። የመጀመሪያዎቹን ድቅሎች በ16ኛው ሳምንት ከቀድሞው ዘር እኩዮቻቸው ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ ሚዛን፣ ጠዋት ሳይበሉ ይመዝኗቸውና ቁጥሩን እዚህ ይጻፉልን።